64 ጊጋባይት ራም የተገጠመለት ሰርቨር 32ቱን ብቻ ለምን ይጠቀማል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ስታንዳርድ በተጫነበት ሰርቨር ላይ ራሙን ከ32 ወደ 64 ጊጋባይት አሳደግን። ማሽኑ ሲነሳ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) 64ቱንም ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ ግን የሚጠቀመው 32ቱን ብቻ መሆኑን ይገልጻል። በሪሶርስ ሞኒተር ስመለከት ቀሪው ግማሽ «ለሃርድዌር የተያዘ» ተብሎ በግራጫ ቀለም ይታያል። ራሞቹን ቦታ አቀያይሬ፣ ባዮሱንም አድሼ ሞክሬአለሁ፤ የተለወጠ ነገር የለም። ራም ለመጨመር የተነሳነው በማሽኑ ላይ ያለው የሪፖርት ማዘጋጃ ፕሮግራም ትልልቅ ሪፖርት ሲጠየቅ «ሜሞሪ አልበቃም» እያለ ስለሚቋረጥ ነበር። አሁንም ይቋረጣል። ችግሩ ከየት ሊሆን ይችላል?

መልስ 1

ራሞቹም ማዘርቦርዱም ደህና ናቸው፤ ከዚህ በላይ ማሽኑን መፍታት አያስፈልግዎትም። ገደቡ የመጣው ከእትሙ ነው። የ2008 አር2 ስታንዳርድ እትም ከ32 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ የዚያው ሲስተም ኢንተርፕራይዝና ዳታሴንተር እትሞች ግን እስከ 2 ቴራባይት ይደርሳሉ። ሲስተሙ ከፈቃዱ በላይ የሆነውን ራም «ለሃርድዌር የተያዘ» ከሚለው ክፍል ውስጥ ስለሚደምረው ስያሜው ብዙ ሰው ያሳስታል።

የኢንተርፕራይዝ የፈቃድ ቁልፍ ካለዎት ሲስተሙን እንደ አዲስ ሳይጭኑ በዲስም (ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ መሣሪያ) ትእዛዝ እትሙን ማሳደግ ይቻላል። ነገር ግን የዚህ ሲስተም የተራዘመ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ስላበቃ፣ ለእሱ አዲስ ፈቃድ መግዛትን እኔ አልመክርም። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ የስታንዳርድ እትሙ ራሱ 4 ቴራባይት ስለሚቀበል ገንዘቡን ወደ አዲስ ሲስተም ለመሸጋገር ቢያውሉት ይሻላል።

መልስ 2

ስለ እትሙ የተባለው ትክክል ነው፤ የፕሮግራሙ መቋረጥ ግን ከእሱ ጋር የሚያያዝ አይመስለኝም። ታስክ ማናጀርን (የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን መስኮት) ከፍተው የፕሮግራሙን ስም ይመልከቱ፤ ከጎኑ ኮከብና 32 ቁጥር ካለ ፕሮግራሙ ባለ 32 ቢት ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ሊጠራቸው የሚችላቸው አድራሻዎች 4,294,967,296 ማለትም 4 ጊጋባይት ብቻ ሲሆኑ፣ ዊንዶውስ ደግሞ በተለምዶ ለፕሮግራሙ የሚለቅለት 2 ጊጋባይቱን ነው። በባለ 64 ቢት ሲስተም ላይ 4ቱንም የሚያገኘው፣ ፕሮግራሙ ሲገነባ ሰፊ አድራሻ እንዲቀበል ምልክት የተደረገበት ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ላይ 64 ቀርቶ 640 ጊጋባይት ቢገጠም ለዚህ ፕሮግራም የሚጨምርለት ነገር የለም።

2 ጊጋባይቱ ሳይሞላ ቢቋረጥም አይገረሙ። ትልቅ ሪፖርት የተያያዘ ሰፊ ቦታ ይጠይቃል፤ ከብዙ መመደብና መልቀቅ በኋላ ደግሞ የአድራሻው ቦታ ስለሚበጣጠስ፣ የቀረው ክፍት ቦታ ተደምሮ ብዙ ቢሆንም የሚፈለገውን ያህል አንድ ወጥ ቦታ ይታጣል።

በዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ ኮሚት (ለፕሮግራሞች ቃል የተገባው ሜሞሪ ድምር) የሚለውን ቁጥር ይዩት። ጣሪያው የራሙና የፔጂንግ ፋይሉ (ዲስክ ላይ ለራም ማገዣ የተያዘው ፋይል) ድምር ስለሆነ፣ ፔጂንግ ፋይሉ የተዘጋ ከሆነ ነጻ ራም እየታየ ሜሞሪ ሊከለከል ይችላል።

ጠያቂው

እንዳሉት አየሁት፤ ኮከቡም 32 ቁጥሩም አለ። ሪፖርቱ ሲዘጋጅ ፕሮግራሙ የሚይዘውን ሜሞሪ ተከታተልኩ፤ 1.6 ጊጋባይት ገደማ ሲደርስ ተቋረጠ፤ በዚያች ቅጽበት ማሽኑ ላይ ከ20 ጊጋባይት በላይ ነጻ ነበር። ኮሚቱም ከጣሪያው በጣም የራቀ ነው። ይህን ቀድሜ አይቼ ቢሆን ኖሮ ራሙን ባልገዛን ነበር። ለመሆኑ ወደ ሊኑክስ ብንዛወር ከእነዚህ ገደቦች እንገላገላለን?

መልስ 3

ከእትሙ ገደብ በአብዛኛው ይገላገላሉ፤ ከ32 ቢቱ ግን አይገላገሉም፤ ገደቡ ፕሮግራሙን ተከትሎ ይሄዳል። ሊኑክስም የራሱ አመል አለው። በተለመደው አሠራሩ ካለው በላይ ሜሞሪ ለፕሮግራሞች ቃል ይገባል፤ ሁሉም ቃሉን ሊጠቀሙበት ሲመጡና ራምና ስዋፕ (ዲስክ ላይ ያለው የራም ማገዣ) ሲያልቁ፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) አንዱን ፕሮሰስ (በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም) መርጦ ይገድላል። የሚመረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልቁ፣ ማለትም ዳታቤዙ ነው። ፕሮግራም ያለ ስህተት መልእክት ድንገት ከጠፋብዎ በመጀመሪያ የከርነሉን መዝገብ ያንብቡ፤ የተገደለው ፕሮሰስ ስም እዚያ ተጽፎ ያገኙታል።

ለእርስዎ ግን ከዝውውሩ በፊት የፕሮግራሙን ባለ 64 ቢት ቅጂ መጠየቁ ይቀድማል። ካገኙት፣ በዚያው ማሽን ዳታቤዝም የሚሠራ ከሆነ ለዳታቤዙ የሜሞሪ ጣሪያ ያብጁለት፤ አለበለዚያ ያገኘውን ሁሉ ለካሽ (መረጃን በቶሎ ለማግኘት ሜሞሪ ላይ ለሚያስቀምጥበት ቦታ) ስለሚይዝ ሁለቱ ይሻማሉ።