20 ኮሌጅ መርጫለሁ፣ ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ ጸደይ

ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛ ክፍል ነኝ። አሜሪካ ሄጄ ኮምፒውተር ሳይንስ መማር እፈልጋለሁ። በአንድ ፎርም ለብዙ ኮሌጅ የሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ ኮመን አፕ፣ የሚፈቅደውን 20 ኮሌጅ ሞልቻለሁ። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹን የመረጥኳቸው ስማቸውን ስለሰማሁ ነው። ኤስኤቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና 1410 አምጥቻለሁ። ቤተሰቤ በዓመት ከ4,000 ዶላር በላይ አይችልም። አንድ ደላላ ደግሞ «ሙሉ ስኮላርሺፕ አስጨርስልሻለሁ፣ ግማሹን ቅድሚያ ክፈይ» እያለ ይደውልልኛል። ከየት ልጀምር? በናታችሁ፣ ግራ ገባኝ።

መልስ፦ የ4ኛ ዓመቱ

መጀመሪያ ደላላውን ብሎክ አድርጊው። ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ኮሌጁ ነው፣ መሃል ላይ የሚያስጨርስ ሰው የለም።

እኔም እንዳንቺ በስም ነበር የመረጥኩት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አንድ ኮሌጅ ተቀበለኝና 18,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ሰጠኝ። ቤት ውስጥ እልልታ ሆነ። ማታ ቁጭ ብለን ስንደምር ግን ከእኛ የሚጠበቀው በዓመት 41,000 ነበር። ዓመቱ እንዲሁ አለፈ፣ በሚቀጥለው እንደገና አመለከትኩ።

ስለዚህ ኮሌጆቹን በገንዘብ ፖሊሲያቸው ለያቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝና ቦውዶይን የውጭ አመልካችም ቢሆን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ኒድ ብላይንድ የሚባለው ይሄ ነው። ከተቀበሉሽ የጎደለውን ይሞላሉ። ችግሩ መግባቱ ነው። እንደ ግሪኔልና ማካሌስተር ያሉት ደግሞ ኒድ አዌር ናቸው። ለተቀበሉት ተማሪ የጎደለውን ይሞላሉ፣ ግን ሲመርጡ ስንት እንደምትጠይቂያቸው ያያሉ። የክልል መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት ትንሽ ነው። ከዝርዝርሽ ውስጥ እነሱ ካሉ ሰርዣቸው።

አንድ ዘዴ ልንገርሽ። የኮሌጁን ስም ከ«ኮመን ዳታ ሴት» ጋር ጎግል አድርጊ። ረጅም ሰነድ ይወጣል። ኤች 6 የሚለው ክፍል ላይ ለስንት የውጭ ተማሪ፣ በአማካይ ስንት ዶላር እንደሰጡ ተጽፏል። አማካዩ 15,000 ከሆነ ለአንቺ አይሆንም። 60,000 ከሆነ ቁጭ ብለሽ አስቢበት። እኔ ይህን ያወቅኩት ዓመት ካቃጠልኩ በኋላ ነው።

መልስ፦ ጋሽ መምህር

ልጄ፣ እኔ ለተማሪዎች ሪኮመንዴሽን፣ የድጋፍ ደብዳቤ ማለት ነው፣ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዴድላይኑ ሦስት ቀን ሲቀረው የሚመጣ ተማሪ አለ፤ ለእሱ የምጽፈው «ጎበዝና ታታሪ ነው» ብቻ ነው። አንቺ አሁኑኑ ሂጂ፤ የሚያስተምሩሽን ሁለት መምህራን ጠይቂ። በክፍል ውስጥ የሠራሽውን አንድ ነገር በወረቀት ጽፈሽ ስጫቸው። ትራንስክሪፕቱን የሚልከው ትምህርት ቤቱ ነውና ቢሮውንም ቀድመሽ አስታውሺ። የማመልከቻ ክፍያ ከከበደሽ ኮመን አፕ ላይ ፊ ዌይቨር፣ ማለትም ክፍያው እንዲቀርልሽ፣ መጠየቅ ይቻላል። አትፈሪ፣ ነውር አይደለም።

መልስ፦ ብዕረኛዋ

ኤሴዩ ላይ ልግባ፣ ስለራስሽ ጽፈሽ ከማመልከቻው ጋር የምትልኪው ጽሑፍ ላይ። ገደቡ 650 ቃል ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ኮምፒውተር እወዳለሁ» ብለሽ ከጀመርሽ አንባቢው እዚያው ያዛጋል። የእህቴ ረቂቅ እንዲህ ነበር የሚጀምረው። «መቼ ነው የወደድሽው?» ስላት፣ የአያታችን መስማት እየደከመ ሲመጣ ስልኩ ሲጠራ ክፍሉ ውስጥ መብራት የሚያበራ ነገር ለመሥራት ሞክራ እንዳቃጠለችው ነገረችኝ። በቃ፣ ኤሴዩ እሱ ሆነ። የተቃጠለው ገመድ ሽታ ሳይቀር ገባ።

የተሳትፎ ዝርዝሩንም አትናቂው። ለእያንዳንዱ 150 ፊደል ብቻ ነው ያለሽ። «ክለቡን መርቻለሁ» ከምትዪ «ለ14 ልጆች በየቅዳሜው ሒሳብ አስጠናሁ» በይ።

መልስ፦ ሌላ መንገድ

ሁሌ አሜሪካ፣ አሜሪካ! ጀርመን ውስጥ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የላቸውም። ባደን ቩርተምበርግ ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣውን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ማስከፈል ጀምሯል። ሌላው ግን በአብዛኛው ነጻ ነው።

መልስ፦ የ4ኛ ዓመቱ

እሱስ ልክ ነህ፣ ግን ሙሉውን ንገራት እንጂ። ለቪዛ ዝግ አካውንት ውስጥ፣ በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት ማለት ነው፣ የዓመት መኖሪያ ይጠየቃል፤ ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ 11,904 ዩሮ ነው። የባችለር ትምህርቱ በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ በቀጥታ ካላስገባት ደግሞ ስቱዲየንኮሌግ የሚባል መሰናዶ አንድ ዓመት ትማራለች። 4,000 ዶላር ላላት ልጅ ነጻ አይደለም።

ጸደይ

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ መምህር፣ እንዳሉኝ ዛሬ የፊዚክስ መምህሬን ጠየቅኳቸው፣ እሺ ብለውኛል። ከ20ው 13ቱን ሰረዝኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ። 1410ን ልላከው? ኧርሊ ዲሲዥንስ?

መልስ፦ የ4ኛ ዓመቱ

ኤምአይቲና ሃርቫርድ ፈተና ግዴታ ነው ይላሉ፤ በ1410 ደግሞ ይከብዳል። ቦውዶይን ከ1969 ጀምሮ አያስገድድም። ለእሱ አትላኪው።

ኧርሊ ዲሲዥን፣ ቀድሞ ማመልከት ማለት ነው፣ የምትልኪው ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው፤ ከተቀበለሽ ሌላውን ሁሉ ትተያለሽ። የሰጡሽ ገንዘብ ካልበቃ ግን መልቀቅ ይቻላል። እኔ ብሆን ኤች 6ቱ ጥሩ ለሆነ ኒድ አዌር ኮሌጅ አውለው ነበር። ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ነው የሚዘጋው። የገንዘብ ፎርሙን፣ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚሉትን፣ አብረሽ ላኪ። «መጀመሪያ ልግባ፣ በኋላ እጠይቃለሁ» እንዳትዪ፤ አብዛኞቹ ሳትጠይቂ ለገባሽ የውጭ ተማሪ በኋላ በሩን ይዘጋሉ።

ጸደይ

ደላላው አሁንም ደወለ። አላነሳሁትም።