ክርስቲያን ተማሪ ዘመናዊነትንና ድኅረ ዘመናዊነትን እንዴት ይመዝን?

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለፍልስፍና ኮርስ 2,500 ቃላት ገደማ የሚሆን ወረቀት መጻፍ አለብኝ። ጥያቄው ከላይ በርዕሱ ያለው ነው። እስካሁን ያለኝ ንድፍ እንዲህ ይላል፦ ዘመናዊነት አመክንዮን አምላክ አደረገ፤ ድኅረ ዘመናዊነት ደግሞ እውነት የለም አለ፤ «እውነት የለም» የሚለው አባባል ራሱን ያፈርሳል፤ ስለዚህ ክርስትና ረታ። የኅብረታችን ልጆች በቂ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ቀለለብኝ።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ራስን የማፍረሱ ክርክር እስከ ምን ድረስ ያስኬዳል? ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሊዮታር «ታላላቅ ትረካዎች» ሲል መጽሐፍ ቅዱስንም ይጨምራል? የፈላስፋውን (የንጉሡን ሳይሆን) የዘርአ ያዕቆብን ሐተታ የፈረንሳዊው ፈላስፋ የዴካርት አቻ አድርጌ ባስገባውስ?

ኅዳግ፦

ወንድሜ፣ ንድፍህ የሚወድቀው ገና መነሻው ላይ ነው። ዴካርት በ1641 ያሳተማቸውን አስተንትኖዎች ያበረከተው በፓሪስ ለሶርቦን የነገረ መለኮት መምህራን ነው፤ ሦስተኛውና አምስተኛው የእግዚአብሔርን መኖር ለማስረዳት የተጻፉ ናቸው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1787 «የንጹሕ አመክንዮ ሂስ» ለተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ እትም በጻፈው መቅድም ለእምነት ስፍራ ለመልቀቅ ሲል ዕውቀትን መገደብ እንደነበረበት ይናገራል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ውሰዳቸው።) ዘመናዊነትን ከክህደት ጋር አንድ ካደረግኸው መምህርህ የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጥ ይይዝሃል።

መመዘን ያለበት ዘመናዊነት ስለ ዕውቀት ያለው እሳቤ ነው። ዐዋቂው ከወጉና ከማኅበረሰቡ ተነጥሎ ብቻውን ይቆማል፤ መነሻው ፈጽሞ ሊጠረጠር የማይችል ነገር ይሆናል፤ ከዚያ መነሻ በትክክል ያሰበ ሁሉ፣ ፓሪስ ይኑር ጎንደር፣ አንድ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል። የድኅረ ዘመናውያን ትችት በዋናነት ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ይህን ሳትለይ ከቀጠልህ «እውነት አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ «ሰው እውነትን የሚያውቀው እንዴት ነው?» ከሚለው ጋር ትደባልቀዋለህ። በእንዲህ ዓይነት ወረቀቶች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት ይኸው ነው።

ራስን የማፍረሱ ክርክር የሚሠራው የባላጋራህን መርሕ ወስደህ በራሱ በመርሑ ላይ ስታውለው ነው። እንዲይዝ ሁለት ነገር መሟላት አለበት፦ ሰውየው ያንን መርሕ በእርግጥ ብሎት መገኘት አለበት፤ መርሑም ራሱን ሳይቀር የሚጠቀልል መሆን አለበት። «ለአንተ እውነት ይሆናል፣ ለእኔ ግን አይደለም» በሚል የካምፓስ ጓደኛህ ላይ ይይዛል። ሊዮታር ላይ አይዝም። የ1979ኙ መጽሐፉ ለኩቤክ የዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት የቀረበ ዘገባ ነው፤ እጅግ በበለጸጉት አገሮች ዕውቀት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይገልጻል። ድኅረ ዘመናዊ የሚለውም በታላላቅ ትረካዎች፣ ማለትም ዕውቀትን ለማጽደቅ በሚነገሩ አጠቃላይ ታሪኮች፣ ላይ ያደረውን አለማመን ነው። አመኔታ ጠፍቷል ማለትና እውነት የለም ማለት ለየቅል ናቸው።

የተሻለው ክርክር ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃበርማስ በ1985 በፈረንሳዊው አሳቢ በፉኮ ላይ ያነሣው ነው። ፉኮ ዕውቀትና ሥልጣን የማይነጣጠሉ መሆናቸውን በ1975 ስለ እስር ቤት በጻፈው መጽሐፉ ያሳያል፤ አንባቢውም በዚያ ሁሉ ቁጥጥር ይቆጣል። ቁጣው ከየት መጣ? ፉኮ የፍትሕን ሚዛን በግልጽ ሳያስቀምጥ ይጠቀምበታል። እንዲህ ስትጠይቅ ሰውየውን ለማሳፈር ሳይሆን ሚዛኑን ከየት እንዳመጣው ለመረዳት ነው፤ ክርስቲያን የራሱን መልስ ማቅረብ የሚችልበት በርም እዚህ ይከፈታል።

ደግሞ ራስን የማፍረሱ ክርክር ዘመናዊነትንም ይመታል። አንድ እምነት በመሠረትነት እንዲያዝ በራሱ ግልጽ፣ ወይም በስሜት ሕዋሳት የሚታወቅ፣ ወይም ሊሳሳቱበት የማይቻል መሆን አለበት፤ ሌላው ሁሉ ከእነዚህ መመንጨት አለበት የሚል መስፈርት ነበር። አሜሪካዊው ክርስቲያን ፈላስፋ ፕላንቲንጋ በ1983 ያሳየው መስፈርቱ ራሱ አንዱንም እንደማያሟላ ነው። ድኅረ ዘመናውያንን ብቻ በዚህ ክርክር መትቶ ዘመናዊውን መተው አድልዎ ነው።

ዘመንፈቅ፦

ኅዳግ ባሉት ላይ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ልጨምር። በመጀመሪያ በሬዲዮ በየቀኑ የምንሰማውን የፖለቲካ «ትርክት» ከዚህ ለይተህ አስቀምጠው፤ አለበለዚያ ወረቀቱ ወደ አገር ጉዳይ ይሄድብሃል።

ሊዮታር በዋናነት የሚያነሣቸው ታላላቅ ትረካዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ከፈረንሳይ አብዮት ጋር የተያያዘው፣ ዕውቀት የሰውን ልጅ ነጻ ያወጣል የሚለው ነው። ሌላው የጀርመኖቹ ነው፤ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ምሥረታና በሄግል ፍልስፍና ላይ የሚታየው፣ ዕውቀት ሁሉ ተያይዞ አንድ ሙሉ ይሆናል የሚል። ሁለቱም ሳይንስ ቅቡልነት እንዲያገኝ የተነገሩ ናቸው። ሳይንስ ትረካን ይንቃል፤ ራሱን ለማጽደቅ ሲፈልግ ግን ተመልሶ ትረካ ይበደራል። ትችቱ ይህ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ጄምስ ስሚዝ የተባለው የካልቪን ተሐድሶ ወግ (ፕሮቴስታንት) ፈላስፋ በ2006 መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ትርጉም ታላቅ ትረካ አይደለም ብሏል፤ በሁሉ ሰው አመክንዮ ልረጋገጥ አይልም፣ እምነትን ይጠይቃል ማለቱ ነው። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ሳትፈትሸው አትቅዳው። የሐዋርያት ሥራ 17 ላይ ጳውሎስ በአቴና የሚናገረው ስለ ሰው ወገን ሁሉ ነው፤ ፊልጵስዩስ 2 ላይ የሚንበረከከው ጉልበት ሁሉ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ስሚዝ ስለ ማረጋገጫው መንገድ ትክክል ነው፤ የወንጌልን ስፋት ግን ያለሰልሰዋል። ለሁሉ ሰው እውነት ነው ማለትና ለሁሉ ሰው በገለልተኛ ማስረጃ ይረጋገጣል ማለት የተለያዩ ናቸው። ወረቀትህን በዚህ ልዩነት ላይ ብታቆመው ይጸናል።

ለዚህ የሚረዳህ ፖላንዪ ነው። ኬሚስት ነበር፤ በ1958 ሳይንቲስት እንኳ የሚያውቀው ራሱን በአደራ ሰጥቶ፣ የተማረውን ወግ አምኖ፣ ሊሳሳት እንደሚችል እያወቀ መሆኑን አሳየ። ያም ሆኖ የሚናገረውን ለሁሉም እንደሚሠራ አድርጎ ያቀርበዋል። ኒውቢጊን በ1936 በሚሲዮናዊነት ወደ ሕንድ ሄዶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ያንን ሐሳብ ለወንጌል ምስክርነት ተጠቀመበት። «ዛሬስ በመስተዋት በድንግዝግዝ እንደምናይ ነን» የሚለው የ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ቃል እዚህ ይገባል፤ ድንግዝግዝ ቢሆንም ማየት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሪኩር የጥርጣሬ መምህራን ያላቸውን ማርክስን፣ ኒቼንና ፍሮይድን ስታነብ ለማስተባበል አትቸኩል። ሃይማኖት የራስን ጥቅም መሸፈኛ ሊሆን ይችላል የሚለው ክስ የሰው ልብ ተንኰለኛ ነው ከሚለው ከኤርምያስ 17፥9 ጋር ይስማማል። ብዙ ተማሪ የሚበላሸው ጥርጣሬውን በሌላው ላይ ብቻ ሲያውለው ነው።

የመጻሕፍት ቤት፦

ስለ ሐተታው። ጽሑፉ ራሱ ዘርአ ያዕቆብ በ1599 በአክሱም አካባቢ እንደተወለደና በ1667 እንደጻፈው ይናገራል። ለዓለም የደረሰው ግን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ሚሲዮናዊ በ1850ዎቹ ለፈረንሳዊው አሳሽ ለአንቷን ዳባዲ በላካቸው ቅጂዎች ነው፤ አሁን ፓሪስ ይገኛሉ። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው ሲል ተከራከረ፤ ካናዳዊው ምሁር ክሎድ ሰምነር ደግሞ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የኢትዮጵያዊ መሆኑን ለማስረዳት ደከመ። ክርክሩ አልተዘጋም። ስለዚህ «ከዴካርት እኩል በ17ኛው ክፍለ ዘመን» ብለህ በድፍረት ከጻፍህ አንድ ጥያቄ ጥሎ ይጥልሃል። ማስገባት ካለብህ ክርክሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጥቀስ።

ይዘቱም ቢሆን አቻ አይደለም። ዴካርት ሁሉን ለመጠራጠር ሲወስን የሐተታው ሰው ዳዊት እየደገመ፣ እየጸለየ ነው የሚመረምረው፤ ልቡናን የሰጠው ፈጣሪ እንደሆነም አይጠራጠርም። የሚያስጨንቀው በሱስንዮስ ዘመን ካቶሊኩና ያገሬው ሰው እያንዳንዱ «እውነቱ የእኔ ነው» ሲል ማን ይፍረድ የሚለው ነው። በሌላ በኩል ጾምንና ምንኩስናን ይነቅፋል፤ ስለዚህ «የእኛው ክርስቲያን ፈላስፋ» ብለህ እንዳታልፈው።

ለአንተ ርዕስ የሚበጅህ ይልቅ አንድምታው፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ወግ፣ ነው። ለአንድ ጥቅስ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ትርጓሜ ተደርድሮ ይሰጣል፤ የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት የሁለቱ የትርጓሜ ትምህርት ቤቶች መምህራንም ይለያያሉ። ነገር ግን ማንም እንደወደደ አይጨምርም። ትርጓሜው ከመምህር ይወረሳል፣ በምሥጢረ ሃይማኖት ይገደባል፣ ከንባቡ ከራቀ ይጣላል። አውግስጢኖስም በኑዛዜው 12ኛ መጽሐፍ ለዘፍጥረት መጀመሪያ ከአንድ በላይ እውነተኛ ትርጉም ይቀበላል። ትርጓሜ በዛ ማለት እውነት ጠፋ ማለት እንዳልሆነ በዚህ ማሳየት ትችላለህ፤ ወንጌላዊም ብትሆን መጥቀሱ አይከለክልህም።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ንድፉን አፍርሼ እጀምራለሁ። ቦታውን እንዴት ላከፋፍለው? ከሊዮታርስ የትኛውን ክፍል ላንብብ?

ኅዳግ፦

ለጥያቄውና ለሁለቱ ጥያቄዎች ልዩነት 300 ቃላት። ለዴካርትና ለካንት 500፤ ከዴካርት አንደኛውን አስተንትኖ ብቻ አንብብ፣ አጭር ነው። ለሊዮታርና ለፉኮ 700። የቀረው 1,000 ለግምገማው ይሁን፤ አብዛኛው ተማሪ እዚያ ሲደርስ ቃላት ያልቁበትና ሁለት ጥቅስ ለጥፎ ይዘጋል። አንድምታውን ከግምገማው ውስጥ በ200 ቃላት አስገባው፤ ሐተታውን ግን የግርጌ ማስታወሻ አድርገው።

ከሊዮታር መግቢያውን፣ ምዕራፍ 9ንና 10ን አንብብ፤ መጽሐፉ 14 አጫጭር ምዕራፎች ነው ያለው። የየአንዳንዱን ሰው አቋም ከመተቸትህ በፊት እሱ ቢያነበው «አዎ፣ ይህን ነው ያልሁት» በሚልበት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈው፤ ካልቻልህ ገና አልገባህም ማለት ነው። ፈረንሳዊውን ፈላስፋ ዴሪዳን ደግሞ ተወው፤ በዚህ ርዝመት ውስጥ ማንም ሳያዛባው አያስገባውም።