«የተሻረ ኑዛዜ ነፍስ ዘራ» ማለት ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ውርስ ክርክር ሳነብ «ፍርድ ቤቱ በተሻረው ኑዛዜ ላይ ነፍስ ዘራበት» የሚል አገኘሁ። ተናዛዡ በገዛ እጁ የቀደደውን ወረቀት ዳኛ እንዴት ያስነሳዋል? አባባሉስ ልክ ነው?

መልስ፦ አባባሉ ያምራል፤ ነገሩን ግን ያሳስታል። «ሰረዘ» እና «ሻረ» ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። መሰረዝ የእጅ ሥራ ነው። እስክሪብቶ ካለ ይበቃል። መሻር ግን ሥልጣንና ሐሳብ ይፈልጋል፤ ሹም ይሻራል፣ ሕግ ይሻራል። ስለዚህ ወረቀቱ ብጥስጥሱ ወጥቶም ኑዛዜው ሳይሻር ሊቀር ይችላል። የእንግሊዝ የ1837 የኑዛዜ ሕግም እንዲሁ ነው የሚለው፦ ማቃጠል ወይም መቅደድ ብቻውን አይበቃም፣ ተናዛዡ ለመሻር አስቦ ያደረገው መሆን አለበት።

ዳኞቹ የሚገቡት በዚህ በር ነው። ሰውየው የድሮውን የቀደደው አዲሱ ይጸናልኛል ብሎ ከሆነና አዲሱ ደግሞ በምስክር ጉድለት ከወደቀ፣ መሻሩ በሁኔታ ላይ የተንጠለጠለ ነበር ይላሉ። ሁኔታው አልተሟላም፤ መሻሩም አልጸናም። በ1716 እንግሊዝ ውስጥ የኦኒየንስና የታይረር ክርክር ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሁለተኛው ኑዛዜ ተጻፈ፣ ምስክሮቹ ግን ተናዛዡ ባሉበት አልፈረሙም፣ በመሃል የመጀመሪያው ተቀደደ። ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያውን አጸናው።

ሌላ አባል፦ ይህማ ሁለተኛው ሲወድቅ ነው። ሰውየው ሁለተኛውን ቀዶ ወደ መጀመሪያው መመለስ ቢፈልግስ?

መልስ፦ እሱ ነው የሚከብደው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን በ1963 የተወሰነ የአልበርን ውርስ የሚባል ጉዳይ አለ። ሴትዮዋ መጀመሪያ አንድ ኑዛዜ አደረጉ፣ ቆይተው እሱን የሚሽር ሌላ አደረጉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ቀደዱት፤ የመጀመሪያው ተመልሶ ይጸናል ብለው ነው። ሕጉ ግን አንዴ የተሻረ ኑዛዜ የሻረው ስለተቀደደ ብቻ አይነሳም የሚል ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ቢወድቁ ሴትዮዋ ሳይናዘዙ እንደሞቱ ተቆጥሮ ንብረታቸው ሕጉ በደነገገው የዘመድ ተራ ሊከፋፈል ነው፣ ይህን ደግሞ በፍጹም አልፈለጉም። ፍርድ ቤቱ የተቀደደውን ሁለተኛውን አጸናው። የመጀመሪያውን ማስነሳት አይችልም፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ጋር ይቀራረብ ስለነበር፣ ያለኑዛዜ ከመቅረት እሱን ይመርጡ ነበር አለ። እኔ ይህን ፍርድ እወደዋለሁ። የሟችን ፈቃድ ሙሉ በሙሉ ማግኘት ባይቻል እንኳ የሚቀርበውን ይፈልጋል።

ጠያቂው፦ ታዲያ የቀደደ ሁሉ ይህን ዕድል ካገኘ መሻር የሚባል ነገር ምን ትርጉም አለው?

መልስ፦ አያገኝም። በ1976 የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት በጆንስ ጉዳይ እምቢ ብሏል። ሴትዮዋ እርሻቸውን ለተወሰኑ ዘመዶች ተናዘው ነበር። ኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው ለሌሎች ልስጥ አሉ፣ አዲስ ሳያደርጉ ሞቱ፣ የድሮው ተቆራርጦ ተገኘ። ዳኞቹ «ሌላ አደርጋለሁ» ብሎ ማሰብ ብቻውን መሻሩን ሁኔታ ላይ አያንጠለጥለውም አሉ። የድሮዎቹ ወራሾች ከእንግዲህ እንዳያገኙ ቆርጠው ነበርና ተሽሯል፤ ሳይናዘዙ እንደሞቱ ተቆጠረ። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አዲሱ እንደማይጸና ቢያውቁ ኖሮ የድሮውን ይቀዱት ነበር ወይ? አዎ ከሆነ ተሽሯል። መልሱን የሚሰጠው ሰው ግን ሞቷል፤ ዳኛው ከተናገሩትና ከሁለቱ ኑዛዜዎች መቀራረብ ነው የሚገምተው።

ወደ አባባሉ ስመለስ፣ እኔ ብጽፈው «ፍርድ ቤቱ መሻሩን አልተቀበለም» እላለሁ። ለሐሳቡ ስም ካስፈለገ «በሁኔታ ላይ የተንጠለጠለ ሽረት» ይበቃል። «ነፍስ ዘራ» የሚለውን ለሌላ ጉዳይ ብናቆየው ይሻላል፤ በእንግሊዙ ሕግ ተናዛዡ ራሱ በሕይወት እያለ የሻረውን ኑዛዜ ምስክር ባለበት እንደገና ሲፈርምበት ወይም ይህንኑ የሚገልጽ ተጨማሪ ኑዛዜ ሲያደርግ የሻረው ይነሳል። እዚያ ላይ ቃሉ በልኩ ይገባል።