ለውኃ ጋኑ ጥገና የሚሆነውን ላሜራ ስለ መምረጥ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ ማዘጋጃ

የቴክኒክ ኮሚቴው ተጠሪ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በሰነዱ ውስጥ ያልተስማማንበት ዋና ነጥብ የላሜራው ዓይነት ስለሆነ አስተያየታችሁን በጽሑፍ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። ክቡ ጋን ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ (ዲያሜትሩ) 8 ሜትር፣ ቁመቱ 6 ሜትር ሲሆን ግድግዳውም ወለሉም የተሠሩት በ6 ሚሊሜትር ጥቁር ላሜራ ነው። ግድግዳው ብዙም አልሳሳም፤ ወለሉ ግን በመውጫ ቧንቧው በኩል፣ ከሥር እርጥበት በሚይዝበት ቦታ፣ ወደ 2 ሚሊሜትር ወርዷል። እዚያ ላይ በመዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ ድምፁ ይደፈናል፤ የዝገት ቅርፊቱም በእጅ ይነሣል። ኮሚቴው ከነባሩ ጋር የሚቀራረብ ኤስ 235 ጄአር ወይም ኤ 36 የተባለ የተለመደ የግንባታ ብረት ደረጃ ያለው ላሜራ እንዲገዛ ያስባል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሐሳቡን አልቃወምም፤ ሆኖም ከምናለሽ ተራ ያገለገለ ላሜራ በርካሽ ሊገኝ ሲችል አዲስ የምንገዛበት ምክንያት በጽሑፍ ካልተብራራ ጉባኤው ወጪውን ለማጽደቅ ያንገራግራል። ደግሞም አንዳንድ አባላት «ገንዘብ ካወጣን አይቀር ለምን በስቴንለስ አንለጥፈውም?» እያሉ ነው።

በብየዳ ሙያ የተሰማሩ አባል፦
ያገለገለ ላሜራ ለበርና ለአጥር ይበቃል። ለጋን ግን የካርቦን መጠኑ ሳይታወቅ የተበየደ ብረት ከብየዳው ጠርዝ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የኤስ 235 ጄአር ካርቦን በዚህ ውፍረት ከ0.17 በመቶ እንዳይበልጥ በደረጃው ስለተወሰነ ግን ከብየዳ በፊት ማሞቅ ሳያስፈልገው በሚገባ ይበየዳል። ስለዚህ የፋብሪካ ሰርተፊኬት መጠየቅና በሰርተፊኬቱ ላይ ያለው የምድብ ቁጥር በላሜራው ላይ ከታተመው ጋር መመሳሰሉን ከመረከብ በፊት ማየት ግድ ነው። ስቴንለሱን በተመለከተ፣ በውኃ ውስጥ ከጥቁር ብረት ጋር ሲገናኝ የሚበላው ጥቁሩ ነው፤ ልጣፉ ያብረቀርቃል፣ ዙሪያው ግን ከበፊቱ ፈጥኖ ይዝጋል።

ሌላ አባል፦
እንግዲያውስ ግድግዳውንም ወለሉንም በ10 ሚሊሜትር ብንቀይረው አይሻልም?

የቴክኒክ ኮሚቴው ተጠሪ፦
ጥያቄው ተገቢ ነው። ለነዳጅ ጋኖች የተዘጋጀው ኤፒአይ 653 የተባለው የአሜሪካ ደንብ የሚሰጠውን ስሌት በጥንቃቄ፣ የብየዳውን ብርታት 70 በመቶ ብቻ አድርገን ስንጠቀም፣ የዚህ ጋን የታችኛው ግድግዳ ውኃውን ለመሸከም የሚያስፈልገው ውፍረት 2 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ደንቡ ራሱ ከ2.5 እንዳያንስ ያዛል። ስለዚህ ግድግዳውን መንካት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ወለሉ በመሠረቱ ላይ ስለተኛ የሚፈተነው በክብደት ሳይሆን በዝገት ነውና፣ ውፍረት የምንጨምረው ዝገት የሚበላውን ለማካካስ ነው። ወለሉ ወደ 50 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በ6 ሚሊሜትር 2,355 ኪሎ፣ በ8 ሚሊሜትር 3,140 ኪሎ ይመዝናል፤ ልዩነቱ፣ የቁርጥራጩን ብክነት ሳንቆጥር፣ 785 ኪሎ ነው። 8 ሚሊሜትሩ ይህን ጭማሪ ያዋጣል እላለሁ፤ 10 ግን መሠረቱ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም፤ ውኃ ከሥሩ እስከቆመ ድረስ ወፍራሙም ይበላል።

ገንዘብ ያዥ፦
የኪሎው ልዩነት ከተገለጸ ለጉባኤው ለማስረዳት ይቀለኛል። ከጥገናው በኋላ ውስጡ ለሚቀባበት ቀለምም በጀት እንዲያዝ እጠይቃለሁ።

ጸሐፊ፦
እስካሁን በተደረሰበት መሠረት የሚከተለው ረቂቅ ቀርቧል፤ ማሻሻያ ያላችሁ አባላት አስገቡ።

«ማኅበሩ የጋኑን ወለል ሙሉ በሙሉ በአዲስ 8 ሚሊሜትር ኤስ 235 ጄአር ወይም ተመጣጣኝ ጥቁር ላሜራ ይቀይራል። ላሜራው ከፋብሪካ ሰርተፊኬት ጋር ካልቀረበ አይረከብም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከወለሉ ሥር ያለው አፈር ተጠርጎ ውኃ የማይዝ የአሸዋ ንጣፍ ይደረጋል። ግድግዳው አይቀየርም፤ የሳሳ ቦታ ከተገኘ ግን ማዕዘኑ በተጠጋጋ ቁራጭ ይተካል። ወለሉ ከተበየደ በኋላ የብየዳው መስመር በሙሉ አየር ስቦ ቀዳዳ በሚያሳይ መሣሪያ (በቫኩም ሳጥን) ተፈትሾ፣ ውስጡ ለመጠጥ ውኃ በተፈቀደ ኢፖክሲ ቀለም ይቀባል።»

ፕሮፎርማ ከሦስት አቅራቢዎች የሚሰበሰበው የመሠረቱ ሁኔታ ከታየ በኋላ እንዲሆን ኮሚቴው ስላሳሰበ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ላይ የገንዘብ ያዡ አስተያየት ይጠበቃል።