ኤም ዋን ማክ ላይ የዊንዶውስ ጌም፦ ፓራለልስ ልግዛ ወይስ ክሮስኦቨር?

ሰባራ_ማውስ፦
ማክቡክ ኤር ኤም ዋን፣ ራም 8 ጊጋ፣ ስቶሬጅ 256፣ ሴኮያ ተጭኖበታል። ጂቲኤ ፋይቭ (ስቶሪውን ብቻ)፣ ኤልደን ሪንግ፣ ከተቻለ ደግሞ ቫሎራንት መጫወት እፈልጋለሁ። ቡት ካምፕን (ማክ ላይ ዊንዶውስ የሚያስጭነውን) ብፈልግ ብፈልግ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጌሞች ስቲም (የጌም መደብሩ) ላይ ገዝቻቸዋለሁ፤ ፋይላቸው ጓደኛዬ ዊንዶውስ ላይ አለ። ይህን ሁሉ ጊጋ በሞባይል ዳታ ማውረድ አይታሰብም። ምን ትላላችሁ?

ባለ_ተርሚናል፦
ቡት ካምፕ የኢንቴል ማክ ነገር ነው፤ በ2020 ኤም ዋን ሲመጣ ቀረ። ፓራለልስን (ማክ ውስጥ ሙሉ ዊንዶውስ የሚያስኬደውን) ለእነዚህ ጌሞች አትግዛ። ሁለት ችግር አለበት፦ ዳይሬክትኤክስ 12ን (ጌሞች ግራፊክስ የሚያሠሩበትን የዊንዶውስ ሥርዓት) አይደግፍም፣ ኤልደን ሪንግ ደግሞ ያለ 12 አይነሳም። ሁለተኛ፣ ያንተን 8 ጊጋ ከዊንዶውስ ጋር ይካፈላል። ግራፊክሱም ከዚያው ራም ስለሚበላ ለጌሙ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው።

ክሮስኦቨር ግን ዊንዶውስ አይጭንም። ጌሙ ዊንዶውስን ሲጠራ በውስጡ ያለው ዋይን መልሱን ማክ በሚገባው ይሰጣል፣ ሮዜታ የኢንቴሉን ኮድ ይተረጉማል፣ ዲ3ዲሜታል ደግሞ ዳይሬክትኤክሱን ወደ ሜታል (የማኩ ግራፊክስ ሥርዓት) ይቀይራል። 14 ቀን በነፃ መሞከር ስለሚቻል መጀመሪያ ሞክር፣ ከዚያ ክፈል። ዊስኪ የሚባለውን ተመሳሳይ ነፃ ፕሮግራም የሚጠቁምህ ቢኖር ተወው፤ በ2025 ሥራው ቆሟል።

ክሮስኦቨር ውስጥ አዲስ ቦትል (የዊንዶውስ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ክፍል) ፍጠር፣ ዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት ምረጥ፣ የዊንዶውሱን ስቲም እዚያ ውስጥ ጫን። የማኩ ስቲም ለዚህ አይሆንም። ከቦትሉ ሰቲንግ ግራፊክስ ላይ ዲ3ዲሜታል፣ ሲንክ ላይ ኤምሲንክ አድርግ። ሃይ ሪዞሉሽን ሞድን አጥፋው፤ አለዚያ ኤሩ የሬቲናውን ፒክስል ሁሉ ልሣል ሲል ይንቀራፈፋል።

ቫሎራንትን እርሳው። ፀረ ማጭበርበሪያው ቫንጋርድ ከዊንዶውሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ካልተቀመጠ ጌሙን አያስጀምርም፤ ክሮስኦቨር ውስጥ ደግሞ የዊንዶውስ ከርነል የለም፣ ፓራለልስ ውስጥ ያለውንም ቫንጋርድ አይቀበልም። ክሮስኦቨርም ፓራለልስም አያልፉትም።

ሃርድ_ዲስክ_አዟሪ፦
ስለ ኮፒው ልጨምር። ማክ የኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፎርማት) ዲስክ ያነባል፣ አይጽፍበትም እንጂ። ስለዚህ የጓደኛህን ሃርድ ዲስክ እንዳለ ሰክተህ መገልበጥ ትችላለህ። ኤፍኤቲ 32 በሆነ ፍላሽ ግን አትሞክር፣ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።

መጀመሪያ ጓደኛህ ጋ ያለው የትኛው ጂቲኤ እንደሆነ እይ። ከመጋቢት 2025 ወዲህ ሁለት ናቸው፦ ሌጋሲ (የስቲም ቁጥሩ 271590) እና ኤንሃንስድ (3240220)። ላንተ ማክ የሚሆነው ሌጋሲው ነው፤ በዳይሬክትኤክስ 11 ይሠራል። የአንዱ ፋይል ለሌላው አይሆንም።

ከቦትሉ ስቲምን ሙሉ በሙሉ ዝጋ። ቦትሉን በቀኝ ተጭነህ ሲ ድራይቭን ክፈት፣ ፕሮግራም ፋይልስ (x86) ውስጥ ባለው ስቲም ፎልደር ስቲምአፕስ፣ ከዚያ ኮመን ውስጥ የጌሙን ፎልደር ስሙን ሳትነካ ፔስት አድርግ። ከዚያ ስቲምን ከፍተህ ኢንስቶል በል። ያለውን ፋይል አግኝቶ ይፈትሻል፣ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ገዝተኸው መሆኑ ጥሩ ነው፤ ፋይሉ እንጂ ፈቃዱ አይገለበጥም።

ጂቲኤው ብቻ 120 ጊጋ አካባቢ ይወስዳል፣ ኤልደን ሪንግ 60። ሁለቱ 256 ላይ አብረው ይጨናነቃሉ። ውጫዊ ኤስኤስዲ ካለህ በኤፒኤፍኤስ (የማኩ ፎርማት) ፎርማት አድርገው። ተራ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ካስቀመጥከው መኪናህ ከመንገዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ አስፋልቱ ዘግይቶ ይሳላል።

ባለ_ተርሚናል፦
ሁለት ነገር ረስቻለሁ። ለጂቲኤ በሮክስታር ላውንቸር ሰቲንግ ውስጥ ባትልአይን (ፀረ ማጭበርበሪያውን) አጥፋ። ኦንላይኑ ይዘጋል፣ ስቶሪው ይከፈታል። ለኤልደን ሪንግ ፀረ ማጭበርበሪያውን የሚያስነሳውን ፋይል ትተህ ራሱን የጌሙን ፋይል በቀጥታ ክፈት። ከጎኑ «ስቲም አፕአይዲ» የሚል የቴክስት ፋይል (ሁለቱ ቃላት በአንደርስኮር ተያይዘው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል) ፈጥረህ 1245620 የሚለውን ቁጥር ብቻ ጻፍበት። ስቲም ከኋላ ክፍት ይሁን። ኦፍላይን ብቻ ነው የምትጫወተው።

እውነቱን ለመናገር ኤልደን ሪንግ ዊንዶውስ ላይ እንኳ ቢያንስ 12 ጊጋ ራም ይጠይቃል። ባንተ 8 ጊጋ ቢነሳም አትደሰትበትም።

የሌሊት_ወፍ፦
ፓራለልስን እንዲህ ባታጣጥሉት፣ ለድሮ የዳይሬክትኤክስ 9 እና 11 ጌም አንዳንዴ ከክሮስኦቨር ያነሰ ጣጣ አለው። ለዚህ ጥያቄ ግን ትክክል ናችሁ።

ማክቡክ ኤሩ ማቀዝቀዣ ፋን የለውም። ሲግል ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መጀመሪያ ላይ 50 ፍሬም ያየኸው ጌም በኋላ ይወርዳል። ጂቲኤን 1440 በ900 አድርገህ ኤምኤስኤኤን (ጠርዝ ማለስለሻውን) አጥፋ፣ ፍሬሙንም 30 ላይ ገድበው። አልጋ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ተጫወት። ሙሉ ስክሪን ካላደረግከው የማኩ ጌም ሞድ አይበራም። መጀመሪያ ላይ አዲስ ቦታ በገባህ ቁጥር ለአፍታ ስታክ ቢያደርግ አትደንግጥ፣ ሼደር (የግራፊክስ ኮድ) እያዘጋጀ ነው፤ ያንኑ ሰፈር ደግመህ ስታልፍ ይቀላል።

ሰባራ_ማውስ፦
ሌጋሲውን ፔስት አድርጌ ኢንስቶል አልኩት፣ ግን ከዜሮ ማውረድ ጀመረ።

ሃርድ_ዲስክ_አዟሪ፦
አሁኑኑ ፖዝ በለው፤ አንኢንስቶል እንዳትል፣ የገለበጥከውን አብሮ ይጠርገዋል። ስቲምን ዝጋና የጌሙን ፎልደር ክፈት። ውስጡ ያው ስም ያለው ሌላ ፎልደር ካለ ችግሩ እሱ ነው። በውስጠኛው ያለውን ሁሉ አንድ ደረጃ ወደ ላይ አውጣው፣ እዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ ተጨማሪ ቦታ አይወስድም። ከዚያ ስቲም ላይ ጌሙን በቀኝ ተጭነህ ፕሮፐርቲስ፣ ኢንስቶልድ ፋይልስ፣ ቬሪፋይ። 120 ጊጋ ማንበብ ስላለበት ይቆያል፣ ቻርጀሩን ሰካ።