ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ፤ ጓሮዬን ግን መተው አልፈልግም

ጥያቄ፦ የኮተቤዋ ጡረተኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 67 ነው። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ውሎዬ ጓሮዬ ውስጥ ነው። ሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ጥግ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ አለኝ። ለቤት ይበቃል፣ ለጎረቤትም ይተርፋል። ጎመን ገበያ ወርጄ ከገዛሁ ቆየሁ።

ችግሩ ጉልበቴ ነው። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ መበላት ነው፣ ዕድሜ ያመጣው ነው ብሎኛል። ቁጢጥ ብዬ ማረም አልችልም፤ ከተቀመጥኩም ሰው ካላነሳኝ አልነሳም። ሲብስብኝ ዳይክሎፌናክ ገዝቼ እውጣለሁ። ግፊትም ስላለብኝ ጠዋት ጠዋት ኢናላፕሪልና የሚያሸናውን ክኒን እወስዳለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ዓይኔን ጭልም ያደርገኛል። ባለፈው አጥሩን ባልይዝ ኖሮ ወድቄ ነበር።

ልጆቼ «በቃሽ፣ ግቢውን ሲሚንቶ እናስደርገውና ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠርተን እናከራየው» ይሉኛል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ መዋል አይሆንልኝም። ሳልጎነበስ የምተክልበት ዘዴ አለ? ለጭልምታውስ ምን ላድርግ? ጎመኔንም ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ወሮታል።

መልስ፦ ጓሮ ወዳድ

እትዬ፣ እንዳይተዉት! ጎመንና ቆስጣ በጆንያ ይሆናል። እኔ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ነው የማበቅለው።

ጆንያውን ያቁሙና ላይና ታቹ የተቆረጠ ትልቅ ጣሳ መሃሉ ላይ ያስቀምጡ። ጣሳውን በጠጠር፣ ዙሪያውን በአፈር ይሙሉ። ከዚያ ጣሳውን ወደ ላይ ሳብ፣ ደግሞ ጠጠር፣ ደግሞ አፈር፤ እስከ አፉ ድረስ እንዲሁ ነው። ጠጠሩ መሃል ለመሃል ስለሚቆም ውኃው እስከ ታች ይወርዳል። ያለ ጠጠር የሞላሁት ላዩ ጭቃ፣ ታቹ ደረቅ ሆኖብኝ ነበር። አፈሩ ሁለት እጅ፣ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት አንድ እጅ፣ ትንሽ አሸዋም ጨምሩበት። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ሥሩን ያቃጥለዋል። ጎኑን በቢላ ቀደድ ቀደድ አድርገው የጎመን ችግኝ ያስገቡ፣ ቆስጣው ላዩ ላይ ይሁን። የታች የታቹን ቅጠል ብቻ ከቀነጠቡ ጎመኑ ለወራት ይሰጣል። ካሮት ግን በጎን ቀዳዳ አይሞከርም።

ውኃ በፈረቃ ከሆነ አትክልት ያጠቡበትን ያጠጡት። ኦሞ የነካውን አይሆንም። ባልዲ አይሸከሙ፣ በጆግ በጆግ ይበቃል።

መልስ፦ እውነቱን ልንገር

እኔ የልጆቹ ሐሳብ ይሻላል ባይ ነኝ። በጡረታ ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ሁለት ክፍል ቢከራይ ጎመኑንም፣ መድኃኒቱንም ይገዛል።

መልስ፦ ግንበኛው

ወንድሜ፣ የተጠየቀው ስለ ኪራይ አይደለም።

እማማ፣ ለካሮቱና ለቃሪያው በብሎኬት ከፍ ያለ መደብ ያሠሩ። አንድ ብሎኬት ቁመቱ 20 ሳንቲ ስለሆነ ሦስት ረድፍ 60 ሳንቲ ይሆናል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ለመሥራት ልክ ነው። ቆመው መሥራት ከፈለጉ አራት ረድፍ ይሁን፤ ግን ጭልም እያደረገዎት እኔ መቀመጡን ነው የምመርጠው። ስፋቱ ከሁለት በኩል የሚደርሱበት ከሆነ ከ1 ሜትር ከ20 አይለፍ፣ ከአንድ በኩል ብቻ ከሆነ 60 ሳንቲ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ እጅ አይደርስም፣ ተመልሶ ወገብ መስበር ነው። አፈር ለመቆጠብ ታቹን በፍርስራሽና በደረቅ ቅርንጫፍ ይሙሉት፣ ውኃ መውጫ ቀዳዳም ይተዉ። ከቤቱ ግድግዳ ጋር ግን አያጣብቁት፣ እርጥበቱ ወደ ቤት ይገባል።

ደግሞ ዳር ላይ አንድ የብረት ቱቦ ያስተክሉ። ሲነሱ የሚይዙት ነገር ያስፈልግዎታል።

መልስ፦ ጡረተኛዋ ሲስተር

እህቴ፣ ከመደቡ በፊት መድኃኒቱን እንይ። ኢናላፕሪል፣ የሚያሸና ክኒንና ዳይክሎፌናክ፣ ሦስቱ ሲገናኙ ኩላሊት ይጎዳሉ። በእኛ ዕድሜ ደግሞ ይብሳል። ዳይክሎፌናክ ለብቻውም ቢሆን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራ ያደማል። ኢቡፕሮፌንም ያው ነው። የሚዋጠውን ይተዉትና ለሕመሙ ፓራሲታሞል ወይም የሚቀባ ነገር ይሆንዎት እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የግፊቱን ክኒን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ፣ አደራ።

ጭልምታው ሲቆሙ ግፊትዎ ስለሚወርድ ይመስለኛል። ጤና ጣቢያ ሄደው መጀመሪያ ተኝተው ይለኩ፤ ከዚያ ቆመው በ1 ደቂቃና በ3 ደቂቃ ይለኩ። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ የክኒኑ መጠን ሊስተካከል ይችላል። የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራም ያሠሩ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ይጾማሉ?

የኮተቤዋ ጡረተኛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሲስተር። አዎ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እቆያለሁ። ክኒኑን በአንድ ጉንጭ ውኃ እውጣለሁ እንጂ ሌላ አልቀምስም። አሁን ሳስበው አጥሩን የያዝኩትም ዓርብ ነው።

ጡረተኛዋ ሲስተር

ይኸው! ክኒኑ ውኃዎን ያወጣል፣ የሚተካ የለም። በዚያ ላይ ፀሐይ ላይ ጎንበስ ቀና። ለንስሐ አባትዎ በግልጽ ይንገሩ፣ ለታመመ ሰው ማቅለል የተለመደ ነው። በጾም ቀን የጓሮ ሥራ ይቅርብዎ። በሌላውም ቀን ከተቀመጡበት ሲነሱ እግርዎን አንቀሳቅሰው፣ ትንሽ ቆይተው ይነሱ።

ለጉልበቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ዘርጉና እስከ 5 ቆጥረው ያውርዱ። በሁለቱም እግር በየቀኑ ደጋግሙት። የጭኑ ጡንቻ ሲጠነክር ለጉልበቱ ይቀለዋል። ባዶ እግርዎን ጓሮ አይግቡ፤ የቲታነስ ክትባትዎ ከቆየም እግረ መንገድዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳሩ

ሲስተር፣ መሃል ገባሁ ይቅርታ። አባቴ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ጎመን እንዳይበላ ተብሎ ከጓሮው ነቅሎ ጨረሰው። እውነት ጨርሶ አይሆንም?

ጡረተኛዋ ሲስተር

መንቀሉ አያስፈልግም ነበር። ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛባቸው የዋርፋሪንን ኃይል ያደክማሉ። ችግሩ መብላቱ ሳይሆን መጠኑ መዋዠቁ ነው። በየሳምንቱ ያንኑ ያህል ከበላ መድኃኒቱ በዚያው ልክ ይስተካከልለታል። አስቸጋሪው ዐቢይ ጾም ነው። ሥጋና ወተቱ ሲቀር ጎመን በየቀኑ ይቀርባል፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ድንገት ይቀንሳል። ስለዚህ ጾሙ ሲገባም ሲወጣም ክትትል ወዳለበት ክሊኒክ ይሂድና አይኤንአሩን፣ ማለትም ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ይለካ። አሁንም መልሶ መብላት ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

ጓሮ ወዳድ

ክሽክሹን ረሳነው እኮ! እትዬ፣ የቅጠሉን ጀርባ ይገልብጡት፤ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ግራጫ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። በጣም የተወረረውን ቅጠል ቆርጠው ከጓሮው ያርቁ። ለቀረው በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ወደ ማታ ጀርባ ጀርባውን ይርጩ፣ በሳምንቱ ይድገሙት። ከመቀቀልዎ በፊት በደንብ ይጠቡት። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጢንዚዛ ካዩ ግን አይግደሏት፤ ክሽክሹን እሷ ናት የምትበላልዎት።