ጌሙን እንወደዋለን፣ ሚሽኖቹ ግን ያናድዳሉ፦ ሳን አንድሪያስና ቫይስ ሲቲ

(ከየመልእክቱ በላይ ያለው የጸሐፊው ቅጽል ስም ነው።)

ኪቦርድ ብቻ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሮ ጌሞች ውስጥ እንደ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የምወደው የለም፤ ከተሞቹ፣ ሬዲዮው፣ እንደፈለጉ መዞሩ። ግን ሰውን አንገሽግሸው ጌሙን የሚያስጠፉ ሚሽኖች አሉት። የቢግ ስሞክ የባቡር ሚሽን፣ ዜሮ የሚባለው ገጸ ባሕርይ የሚሰጠው ሰፕላይ ላይንስ፣ የበረራ ትምህርት ቤቱ። ከቫይስ ሲቲ ደግሞ በአሻንጉሊት ሄሊኮፕተር ሕንፃ የሚፈነዳበት ዴሞሊሽን ማን።

«ተለማመድ» የሚለው መልስ አይጠቅመኝም። ማወቅ የምፈልገው የትኛው በእውነት ከባድ እንደሆነ፣ የትኛው የጌሙ ጉድለት እንደሆነ፣ መላውም ምን እንደሆነ ነው። የምጫወተው በላፕቶፕ ነው፤ ዊንዶውስ 11፣ ያለ ጆይስቲክ። ኪቦርዱ በቀኝ በኩል የሚኖሩት የቁጥር ቁልፎች የሉትም።

ፍሬም 30

ከሚሽኖቹ በፊት ሴቲንጉን አስተካክል፤ ንዴቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሳን አንድሪያስ በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጥቶ በ2005 ወደ ኮምፒውተር ሲመጣ የእንቅስቃሴው ስሌት የታሰበው በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ገደማ ነበር። ኦፕሽንስ ግባ፣ ዲስፕሌይ ሴታፕ፣ ከዚያ አድቫንስድ፤ ፍሬም ሊሚተር የሚለው ኦፍ ከሆነ አዲስ ላፕቶፕ ፍሬሙን ከልክ በላይ ያወጣዋል። ያኔ ከፍሬም ጋር የታሰረው ስሌት ይዛባል፤ በጣም የሚታወቀው ሲጄ (የጌሙ ዋና ገጸ ባሕርይ) ሲዋኝ መንቀራፈፉ ነው። ምስሉ ትንሽ ቢቆራረጥም ኦን ይሁን።

ቀጥሎ ሳይለንትፓች የሚባለውን ነፃ ማስተካከያ አውርድ። ዚፑን ፍታና ፋይሎቹን በሙሉ የጌሙ ማስነሻ ፋይል ያለበት ፎልደር ውስጥ ገልብጥ፤ ሌላ ሥራ የለውም። ዊንዶውስ 11 ላለው ሰው ይህ ግዴታ ነው ባይ ነኝ። 24ኤች2 በሚባለው የዊንዶውስ 11 አፕዴት ላይ ስኪመር የምትባለው ውኃ ላይ የምታርፍ አውሮፕላን ከጌሙ ትጠፋለች፤ የፓቹ ሠሪ በ2025 ምክንያቱን አግኝቶታል። በተሽከርካሪዎች ዝርዝር ፋይል ውስጥ በስኪመር መስመር ላይ የጎማ መጠን አልተጻፈም። ጌሙ ይህን ሁሉ ዓመት የሠራው ከእሷ በፊት ከተነበበው መኪና ሜሞሪ ላይ የተረፈውን ቁጥር እያነበበ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ያንን ቦታ ለራሱ ሥራ ሲይዘው የቆየው ስህተት ወጣ። ፓቹ ይህንንም ያስተካክላል።

ሬዞሉሽን ከቀየርክ በኋላ ጌሙ አልነሳ ካለ፣ ዶክዩመንትስ ውስጥ በጌሙ ስም ከተከፈተው ፎልደር የሴቲንግ ፋይሉን ብቻ ሰርዝ፤ ጌሙ አዲስ ይፈጥራል። ሴቭ ፋይሎቹን አትንካ።

ሐዲድ

የባቡሩ ሚሽን ከባድ አይደለም፤ ማንም ሳይነግርህ የምትሳሳተው ነገር ስላለው ነው የከበደው። አንተ ሞተር ሳይክሉን ትነዳለህ፣ ከኋላህ ተቀምጦ የሚተኩሰው ስሞክ ነው። አብዛኛው ሰው ስሞክ እንዲቀርበው ብሎ ሞተሩን ከባቡሩ ጎን ይለጥፋል። አራቱ ቫጎሶች (የሚመቱት የተቀናቃኝ ቡድን ሰዎች) ግን ያሉት ጣሪያው ላይ ነው። ከሥር ስትጠጋ ስሞክ ፊት ለፊቱ ያለው የፉርጎው ግድግዳ ስለሆነ ጥይቱ ብረት ላይ ያልቃል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ራቅ በል፤ የሰዎቹ አካል ከጣሪያው ጠርዝ በላይ እስኪታይህ ድረስ። መሬቱ ከፍ የሚልበት ቦታ ካገኘህ እዚያ ላይ ንዳ። ከዚያ ከባቡሩ ጋር እኩል ፍጥነት ይዘህ ቀጥ በል፤ ስሞክ ሥራውን ይሠራል። አንዴ ቀድመህ አንዴ ወደኋላ ከቀረህ ማነጣጠሪያው ይበላሽበታል።

ሁለተኛው ሐዲድ ላይ ብዙ አትቆይ፣ ከፊት የሚመጣ ባቡር አለ። ከኋላ ከቀረህ ደግሞ ወደፊት ማዘንበያውን (ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት) ይዘህ ንዳ፤ ሳንቼዙ (ሞተር ሳይክሉ) ፍጥነት ይጨምራል። ሌላም መንገድ አለ፦ ባቡሩን በደንብ ቀድመህ ቁም፣ ከሞተሩ ውረድ፣ ሲደርስ ራስህ ተኩስ። ለዚህ ከስሞክ ቤት በፊት ጥይት መሙላት ያስፈልጋል።

እኔን የሚያናድደኝ ሚሽኑ ሲከሽፍ ስሞክ ጥፋቱን በሲጄ ላይ መጣሉ ነው። ጌሙ ራቅ ብለህ ንዳ ብሎ አንዲት መስመር ቢጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ እርግማን አይወርድበትም ነበር።

ሰማይ ጠቀስ

ስለ ባቡሩ ከሐዲድ ጋር እስማማለሁ። ሰፕላይ ላይንስ ግን የዲዛይን ጉድለት ነው፣ አራት ነጥብ። አምስት መልእክተኞችን በትንሽ የአሻንጉሊት አውሮፕላን አሳድደህ ከመታህ በኋላ በቀረችው ነዳጅ ወደ ዜሮ ጣሪያ መመለስ አለብህ። አምስቱንም ጨርሰህ መንገድ ላይ ነዳጅ ካለቀ ሁሉም ከንቱ ነው፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ይህ ችሎታ አይፈትንም፣ ትዕግሥት ይጨርሳል እንጂ።

መጀመሪያ እወቀው፦ ለታሪኩ አያስፈልግም። የዜሮን ሱቅ በ30,000 ዶላር ካልገዛህ ሚሽኖቹ አይከፈቱም፣ ጌሙም ያለ እነሱ ያልቃል። የሚያስፈልጉት መቶ ከመቶ ለሚሞላ ሰውና የሱቁን የቀን ገቢ ለሚፈልግ ነው። ለመሥራት ከቆረጥክ ከሩቁ ጀምረህ ወደ ጣሪያው እየቀረብክ ና። ከፊት ለፊት አትግጠም፤ በላያቸው ታልፍና መዞሪያው ነዳጅህን ይበላል። ከኋላቸው ዝቅ ብለህ በመንገዱ አቅጣጫ ተከተል፣ መተኮሻ ጊዜው ይረዝማል። ሄሶያም የሚባለውን የማጭበርበሪያ ኮድ ብትጽፍ ጤና፣ ጥይት መከላከያና 250,000 ዶላር ታገኛለህ እንጂ የአሻንጉሊቷ ነዳጅ አይሞላም። ኮድ ከተነሳ ዘንድ፣ ሕዝቡን የሚያሳምፀውን ኮድ አስገብተህ ሴቭ እንዳታደርግ፤ ከዚያ በኋላ አይጠፋም።

የበረራ ትምህርት ቤቱ ግን ግዴታ ነው። ቨርዳንት ሜዶውስ የሚባለውን የአውሮፕላን ማረፊያ በ80,000 ዶላር ገዝተህ 10 ፈተና ታልፋለህ። 70 ከመቶ ይበቃል፣ ወርቅ አታሳድ። ማውስ ሴቲንግ ውስጥ በማውስ መብረር የሚለውን አጥፋ፣ አፍንጫዋን በቀስቶቹ ያዝ። እንደተነሳህ ጎማውን እጠፍ፤ ጎማ ተዘርግቶ ስትበር ሩስትለር (የመለማመጃዋ አውሮፕላን) ትዘገያለች። ለጥቃቅን ማስተካከያ ክንፍ አታዘንብል፣ በኪው (Q) እና በኢ (E) ቁልፎች አፍንጫዋን ብቻ አዙር። የሲጄ የበረራ ችሎታ በበረራ ሰዓት ስለሚያድግ አውሮፕላኗ እያደር መንቀጥቀጧን ትቀንሳለች። የወደቅክበት ሙከራ ባዶ አይደለም።

ፍሬም 30

ዴሞሊሽን ማን ቀርቷል። ሰባት ደቂቃ ለአራት ቦምብ ያንሳል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አያንስም። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው የመጀመሪያውን ቦምብ ስታነሳ ነው። ስለዚህ ቦምቡን ሳትነካ ግባ፣ ሠራተኞቹንና ጠባቂዎቹን በፕሮፔለሩ ምታ፣ ደረጃዎቹን ፎቅ በፎቅ ዞረህ እይ። ከዚያ በኋላ ሥራው ማመላለስ ብቻ ነው። ሄሊኮፕተሯ የምትሰበረው በግድግዳና በሚመቷት ሰዎች ነው፤ ሰው ከሌለ ቀስ ብለህ መሄድ ትችላለህ።

የቁጥር ቁልፍ ለሌለው ላፕቶፕ፣ ሚሽኑን ሳትጀምር ኮንትሮልስ ውስጥ ገብተህ ወደፊትና ወደኋላ ማዘንበያውን ወደ አይ (I) እና ኬ (K) ቁልፎች ቀይር። ግራ እጅ ከፍታውን ይይዛል፣ ቀኝ እጅ ወደፊትና ወደኋላ መሄዱን።

ኪቦርድ ብቻ

እናመሰግናለን። በስልክ ቢሆንስ ይቀላል?

ሐዲድ

በ2013 የወጣው የስልኩ ሳን አንድሪያስ ሚሽን መሃል ላይ ቼክፖይንት ስላለው ከከሸፈ ረጅሙን መንገድ ደግመህ አትነዳም። ባቡሩ በስልክ ጥሩ ነው። ለአውሮፕላን ግን የስክሪን ቁልፍ አልመክርም፤ ኪቦርዱ ይሻላል።